እንግሊዝን ደግሞ ማን ገዛት?

ይህ ለንደን ውስጥ በአንድ የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ስለ ብሬግዚት፣ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ስለወሰነችበት የ2016 ሕዝበ ውሳኔ፣ ለሐበሻ ወጣቶች የተናገርኩት ነው። በስልኩ ቀድቶ የላከልኝ ልጅ ይመስገን። ሲጻፍ የሚጎረብጠውን ትንሽ አቃንቻለሁ፤ የቀረውን እንዳለ ትቼዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ። የተሰጠኝ ጊዜ ቡናው እስኪፈላ ነው። እዚህ መድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ዶክተር ነው፤ እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ለምን እኔን እንደመረጡ አስተባባሪዎቹን ስጠይቅ «አንተ ስለ ብሬግዚት ከጀመርክ አታቆምም፣ አንዴ ተናግረህ ይውጣልህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ጁን 24 ቀን 2016 ማለዳ፣ ሽፍት ልገባ ስል፣ እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። ሬዲዮ ሰምታለች። «እንግሊዝ ነፃነቷን አገኘች ይላሉ። እንግሊዝን ደግሞ ማን ገዝቷት ያውቃል?» አለችኝ። በሳቅ ፈረስኩ። ለካ ከአውሮፓ እንውጣ ሲል የኖረው ፖለቲከኛ ኒጄል ፋራዥ ሌሊቱን ካሜራ ፊት ቆሞ፣ ጁን 23 የነፃነት ቀናችን ሆኖ በታሪክ ይመዝገብ ብሎ ኖሯል። እስቲ አስቡት፤ ስንቱ ሀገር ከእሱ ነፃ የወጣበትን ቀን በሰልፍና በባንዲራ የሚያከብርበት ሀገር፣ እሱም በተራው ነፃ ወጣሁ አለ።

እናቴ ቀልዷን አልነበረም የጠየቀችኝ፣ እኔም ቆይቶ ነው የገባኝ። አንድ ሰው ነፃ ወጣሁ ካለ የተወሰደብኝ ነገር ነበር ማለቱ ነው። ታዲያ ምን ተወሰደበት? ወሳጁስ ማን ነው? ዛሬ የማወራው ስለዚህ ነው። ብሬግዚት ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ የሚለውን ቡና ላይ እንጨቃጨቅበታለን።

ቁጥሩን ላስታውሳችሁ። 17.4 ሚሊዮን ሰው እንውጣ አለ፤ 16.1 ሚሊዮን እንቆይ። በመቶኛ 51.9 ለ48.1። እንግሊዝና ዌልስ ወጡ፣ ስኮትላንድ በ62 ከመቶ እንቆይ አለች፣ ሰሜን አየርላንድም እንቆይ አለች። ለንደን ከአሥር ስድስቱ እንቆይ ነው ያለው፤ ለዚህ ነው እዚህ ከተማ ስትኖሩ እንውጣ ብሎ የመረጠ ሰው አንድም የማታገኙት። ወይም አግኝታችሁት አይነግራችሁም።

የእንውጣ ወገኖችን መፈክር ወደ አማርኛ ስመልሰው ሁሌም እቸገራለሁ። «ቁጥጥሩን መልሰን እንያዝ» ስትሉት የጉምሩክ ማስታወቂያ ይመስላል። «ልጓሙን መልሰን እንጨብጥ» ይሻላል። ሥራውን የሠራው ቃል ግን «መልሰን» የሚለው ነው። የዘመቻው አእምሮ የነበረው ዶሚኒክ ከሚንግስ በኋላ ራሱ ጽፎታል፤ ሰው አዲስ ነገር ከማግኘት ይልቅ የነበረውን ማጣት ይበልጥ ያንገበግበዋል፣ ቃሉም የገባው ለዚያ ነው። «ልጓም እንጨብጥ» ቢሉ ኖሮ ፖለቲካ ብቻ ይሆን ነበር። «መልሰን» ሲሉ ግን እያንዳንዱ ሰው የጠፋበትን የራሱን ነገር አስታወሰ። ጡረተኛው የልጅነቱን ሰፈር፣ ዓሣ አጥማጁ ባሕሩን፣ የፓርላማ አባሉ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን፣ የናይጄሪያው ጓደኛዬ ደግሞ (እሱ ጋ እመለሳለሁ) ወረፋውን።

እስቲ ቦስተን እንሂድ። አሜሪካ ያለችውን አይደለም፤ ስሟን ያወረሰቻትን ዋናዋን ቦስተን፣ ሊንከንሻየር ያለችውን። መሬቱ እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ነው፣ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ጎመን፣ አበባ ጎመንና ድንች ነው የሚበቅልበት። እንውጣ የሚለው ድምፅ ከመላው ሀገሪቱ ከፍተኛው እዚያ ነበር፤ 75.6 ከመቶ። ከአራት ሰው ሦስቱ ማለት ነው።

ይህን አካባቢ አውቀዋለሁ። እዚህ ሀገር የመሥራት ፈቃድ እንዳገኘሁ አውቶቡስ ከመንዳቴ በፊት፣ በዚያው አቅራቢያ አንድ የአትክልት ማሸጊያ ውስጥ በኤጀንሲ ሦስት ወር ሠርቻለሁ። ሌሊት አሥር ሰዓት ሚኒባስ ይወስደናል፣ አበባ ጎመን እንቆርጣለን፣ በላስቲክ እንጠቀልላለን። ብርዱ አይነሳ። ከመስመሩ ላይ ሊቱዌኒያ፣ ፖላንድ፣ ላትቪያ፤ ከዚያ እኔ። የመስመሩ ኃላፊ አንዲት በዕድሜ የገፋች የአካባቢው ሴት ነበረች፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራች። እረፍት ላይ ሁሌ እኔ አጠገብ ትመጣለች። መጀመሪያ ደግነቷ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ነገረችኝ፤ ድሮ በእረፍት ሰዓት ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ባሎቻቸው ሐሜት፣ ትናንት በቴሌቪዥን ስለታየው ድራማ ያወሩ ነበር። አሁን በእሷ ቋንቋ የሚያወራት ሰው አጥታ ሻይዋን ብቻዋን ትጠጣለች። «ሰዎቹን አልጠላቸውም፣ ከእኔ ልጅ ይበልጥ ይሠራሉ። ግን ይሄ ሁሉ ሲሆን ማንም ምንም አልጠየቀኝም» አለችኝ። እንግዲህ በገዛ ሀገሯ በቋንቋዋ የምታወራው አንድ እኔን፣ የዚያኔ እንግሊዝኛው የሚያነክሰውን ሐበሻ፣ አገኘች። ሕዝበ ውሳኔው ገና ሲታሰብ ነበር ይሄ። ምን እንደመረጠች አልጠየቅኳትም፤ ግን ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም።

ይሄ «ማንም አልጠየቀኝም» ያለችው ነገር የሚጀምረው በ2004 ነው። ያን ዓመት አሥር አዳዲስ ሀገራት ወደ አውሮፓ ኅብረት ገቡ፤ ስምንቱ ከምሥራቅ አውሮፓ ነበሩ። የቀድሞዎቹ አባላት ለአዲሶቹ ሠራተኞች በራቸውን እስከ ሰባት ዓመት ዘግተው ማቆየት ይችሉ ነበር፤ ጀርመንና ኦስትሪያ እስከ መጨረሻው ዘግተው ቆዩ። በቶኒ ብሌር ዘመን የነበረችው እንግሊዝ፣ አየርላንድና ስዊድን ብቻ ወዲያው ከፈቱ። ለመንግሥት የቀረበው ጥናት በዓመት ከ5 ሺህ እስከ 13 ሺህ ሰው ቢጨመር ነው ብሎ ነበር። በ2016 ፖላንድ የተወለዱ ብቻ እዚህ ሀገር ከ800 ሺህ በላይ ሆነው ነበር። ትንበያው በብዙ እጥፍ ሳተ። እንዲህ የሳተ ሹፌር መንጃ ፈቃዱን ይቀማ ነበር፤ እዚህ ግን ማንም አልተቀማም።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። ለንደን ከቦስተን እጅግ የበለጠ የውጭ ሰው አለበት፤ ለንደን ግን እንቆይ አለ። ስለዚህ ነገሩ የሰው ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ ካርታው ተገልብጦ ይታይ ነበር። ለንደን በትውልድ የሚቆጠር ጊዜ ወስዳ የለመደችውን፣ ቦስተን በአሥር ዓመት ተሸከመችው። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ከአሥሩ የከተማዋ ነዋሪ አንዱ ከአዲሶቹ የኅብረቱ ሀገራት የመጣ ነበር። ትርፉ ደግሞ እዚያው አልቀረም። ገበሬው ርካሽ ሠራተኛ አገኘ፣ ሱፐርማርኬቱ ርካሽ አበባ ጎመን አገኘ፣ ለንደን ያለነው በልተን አመሰገንን፣ ግብሩ ግምጃ ቤት ገባ። የጂፒው (የሰፈር ሐኪሙ) ወረፋ፣ አንድ ቤት ውስጥ ስምንት ሰው የሚያስተኛው አከራይና የቤት ኪራዩ ንረት ለቦስተን ቀረ።

በዚህ ላይ ከ2010 ጀምሮ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የዴቪድ ካሜሩን መንግሥት ቀበቶ ማጥበቅ ውስጥ ገባ። ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) ከመንግሥት የሚያገኙት ገንዘብ ተቆረጠ፣ ቤተ መጻሕፍት ተዘጋ፣ የወጣቶች ማዕከል ተዘጋ፣ ቤኔፊት (የመንግሥት ድጎማ) ተቀነሰ። ቲሞ ፌትሰር የሚባል የዎሪክ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ምሁር ይህን አጥንቶ፣ ቅነሳው የበረታባቸው ቦታዎች ላይ የእንውጣ ወገን እንደጎለበተ አሳይቷል። ያ ቅነሳ የተወሰነው የኅብረቱ መቀመጫ ብራስልስ አልነበረም፤ እዚሁ ፓርላማው ባለበት ዌስትሚንስተር ነው። ግን ጂፒው ሞልቶ ስትመለሱ በዓይናችሁ የምታዩት ወረፋ ላይ የቆመውን ፖላንዳዊ ነው። የበጀት ሰነዱ ወረፋ ላይ አይቆምም።

እዚያው አውራጃ፣ ባሕሩ ዳር፣ ግሪምስቢ አለች። በአንድ ዘመን ከዓለም ትልልቆቹ የዓሣ ወደቦች አንዷ ነበረች። አሁን መርከቦቹ የሉም። ለምን? ሰውዬውን ብትጠይቁት አውሮፓ ባሕራችንን ወሰደ ይላችኋል። ከፊሉ እውነት ነው፤ በ1973 እንግሊዝ ስትገባ የዓሣ ሀብትን በጋራ መጠቀም የሚለውን ሕግ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤድዋርድ ሂዝ ውጦ ነው የገባው። ግሪምስቢን በዋናነት ያደረቃት ግን አይስላንድ ናት። አይስላንድ ውሃዋን እስከ 200 የባሕር ማይል ከለለች፣ ከእንግሊዝ መርከቦች ጋር ለዓመታት ገመድ እየበጠሰች ተጋጨች፣ በ1976 አሸነፈች። አይስላንድ ደግሞ የኅብረቱ አባል ሆና አታውቅም! ግን ለአንድ ከተማ ሐዘን የሚከሰስ ሰው ያስፈልገዋል፤ አይስላንድ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ አልነበረችም፣ አውሮፓ ነበረች። ሰባ ከመቶ ያህሉ እንውጣ አለ።

ስለ ዓሣ ካነሳሁ ይቺን ሳልነግራችሁ ብሄድ ያንቀኛል። ድምፁ ሊሰጥ ሳምንት ሲቀረው ፋራዥ የዓሣ ጀልባዎች አስከትሎ ቴምዝ ወንዝ ላይ ወደ ፓርላማው መጣ። ከወዲያ በኩል በሌላ መርከብ፣ ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ ጸጉሩን አንጨባሮ አንድ ሰው ይጮኽበታል። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቦብ ጌልዶፍ! አዎ፣ የኛው፣ በእኛ አቆጣጠር ለ77ቱ ድርቅ ዘፋኞቹን የሰበሰበው። ሀብታም ዘፋኝ መርከብ ላይ ሆኖ ዓሣ አጥማጆች ላይ ሁለት ጣቱን ሲቀስር በቴሌቪዥን ታየ። እኔ ጌልዶፍን እወደዋለሁ፣ እናቶቻችን ይመርቁታል፤ ግን የእንቆይ ወገን በዚያች ቀን ስንት ድምፅ እንደጣለ እግዜር ይወቀው።

የእንቆይ ወገን ችግሩ ይሄ ነበር፤ የሚናገረው ሁሉ ስለሚጠፋ ገንዘብ ነው። ግምጃ ቤቱ ከወጣን በ2030 እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት 4,300 ፓውንድ ያጣል አለ። ኦባማ መጥቶ ለንግድ ስምምነት የወረፋው መጨረሻ ላይ ትሆናላችሁ አለ። (አሜሪካዊ ወረፋን «ላይን» እንጂ «ኪው» አይልም፣ ቃሉን ያስጠናው ካሜሩን ነው ብለው እንግሊዞቹ አሾፉበት። ደግሞ እንግሊዝን በወረፋ ነው የምታስፈራራው?) ካሜሩን ራሱ ለዓመታት ብራስልስን ሲያማ ከርሞ፣ በፌብሩዋሪ 2016 ትንሽ ማሻሻያ ይዞ ተመለሰና በአንድ ጀምበር አወዳሽ ሆነ። ሲያማት የኖረውን ሴት ለልጁ ሊድር የመጣ ሽማግሌ ማን ያምነዋል?

አናንድ ሜነን የሚባል የኪንግስ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ኒውካስል ሄዶ፣ ብንወጣ ጂዲፒ፣ የሀገሪቱ ጠቅላላ ምርት፣ በዚህን ያህል ይወርዳል እያለ ሲያስረዳ አንዲት ሴት ከተሰብሳቢው መሃል ጮኸችበት፤ «እሱ የናንተ ጂዲፒ ነው፣ የኛ አይደለም!» ራሱ ነው በኋላ ደጋግሞ የተናገረው። ከፕሮፌሰሩ ሰንጠረዥ ይልቅ የእሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ሕዝበ ውሳኔውን ያስረዳኝ።

እዚያው ጎረቤት ሰንደርላንድን እዩ። መርከብ ትሠራ ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ማምረቻዎች በ1988 መዘጋት ጀመሩ። ከሰል ታወጣ ነበር፤ የመጨረሻው ጉድጓድ በ1993 ተዘጋ፣ አሁን ያ ቦታ የእግር ኳስ ስታዲየም ነው። የቀረላት ኒሳን ነው፣ የሚሠራውን መኪና ለአውሮፓ የሚሸጥ። ሰንደርላንድ 61 ከመቶ እንውጣ አለች። ውጤቷ እኩለ ሌሊት ላይ ሲነገር ፓውንድ ወዲያው ተንሸራተተ። በማግስቱ ጋዜጣው ሁሉ «የገዛ ፋብሪካቸውን መረጡበት» አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። ይህን የሚል ሰው ድምፅ መስጠትን እንደ ገበያ መሄድ ነው የሚያየው፣ ሂሳብ አስልቶ፣ ርካሹን አንስቶ። የመርከብ ሠሪ ልጅ የሆነ ሰው ያጣውን በደሞዝ ብቻ አይቆጥረውም። አባቱ የሠራው መርከብ ወንዝ ላይ ሲወርድ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ያይ ነበር። ኒሳን ውስጥ የተሠራ መኪና ከበር ሲወጣ ማን ያይለታል?

የቡናው ሽታ መጣ አይደል? እሺ፣ ሦስተኛው ገና ነው፣ አትነሱ።

ታሪኩን በሩጫ ልበለው። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎል በ1963 እና በ1967 ሁለት ጊዜ በር ዘጋባቸው፣ በ1973 ገቡ፣ በ1975 ሕዝብ ተጠይቆ 67 ከመቶ እንቆይ አለ። ማርጋሬት ታቸር የአባል ሀገራቱ ባንዲራ ያለበት ሹራብ ለብሳ ለእንቆይ ቀስቅሳለች፣ ፎቶው አለ። የዚያኔ የተነገራቸው ስለ ገበያ ነው። ጀርመንና ፈረንሳይ ኅብረቱን የመሠረቱት ዳግም ላለመዋጋት ነው፤ እንግሊዝ ግን በጦርነቱ ያልተያዘችና ያሸነፈች ሀገር ናት፣ ስለዚህ ጦርነቱ ለሷ የምትሸሸው ሳይሆን የምትኮራበት ትዝታ ነው። ገበያ ብላ የገባችበት ነገር ፓርላማና ፍርድ ቤት ያለው ነው፤ በኋላ የራሱን ገንዘብም አወጣ። ዩሮን አልወሰደችም፣ ሸንገን አልገባችም። አንድ እግሯ ውስጥ አንድ እግሯ ደጅ ሆኖ አርባ ዓመት ከረመች፤ እንዲህ የቆመ ሰው አንድ ቀን ወደ አንዱ ማዘንበሉ አይቀርም።

ሎርድ አሽክሮፍት የሚባል ባለሀብት በዕለቱ ድምፅ የሰጡ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን አስጠይቆ ነበር። እንውጣ ካሉት 49 ከመቶ ዋና ምክንያታቸው የሀገራችን ውሳኔ በሀገራችን ይወሰን የሚል ነው። 33 ከመቶ ደግሞ ድንበርና ስደተኛ መቆጣጠር አሉ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ዋሽተው ነው፣ ሁሉም ስደተኛ ጠልቶ ነው» ይላል። ግን ሁለቱን መለየት ከባድ ነው፤ ለቦስተኗ ሴትዮ «ማን ይወስናል» እና «ማን ይገባል» አንድ ጥያቄ ነበሩ። ካሜሩን የሚገባው ሰው ከሚወጣው ሲቀነስ በዓመት ከመቶ ሺህ በታች አደርገዋለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ድምፁ ሊሰጥ ወር ሳይሞላ የ2015 ቁጥር ወጣ፤ 333 ሺህ። ግማሽ ያህሉን የኅብረቱ ሕግ ስላለ ሊነካው አይችልም። ያልያዝከውን ልጓም እጎትታለሁ ብለህ ቃል ስትገባ እንዲህ ነው።

የዘረኝነቱን ነገር ግን ላለባብሰው አልፈልግም፤ እናንተም አትፈቅዱልኝም። ፋራዥ ረጅም የስደተኞች ሰልፍ የሚታይበት ፖስተር አስለጠፈ። ፎቶው የተነሣው በ2015 ከጦርነት የሸሹ ሰዎች ስሎቬኒያ ድንበር ላይ ሲሄዱ ነው። እነሱ የኅብረቱን ነፃ ዝውውር ተጠቅመው እንግሊዝ ሊገቡ አይችሉም ነበር፣ ልክ ፈረንሳይ ጠረፍ ካሌ ጫካው ውስጥ በዚያ ጊዜ ድንኳን ተክለው የነበሩት የእኛ ልጆች እንደማይችሉት። ብሬግዚት ሆነ አልሆነ ለእነሱ ያው ባሕር ነው። ፖስተሩ የወጣው ጁን 16 ነው፤ በዚያው ቀን ጆ ኮክስ የምትባል የሁለት ልጆች እናት የሆነች የፓርላማ አባል መንገድ ላይ ተገደለች። ከውጤቱ በኋላም ለንደን ውስጥ አንድ የፖላንዶች የባህል ማዕከል በር ላይ ስድብ ተጻፈ። እኔም በዚያ ሳምንት አንዱ ተሳፋሪ «መቼ ነው የምትሄደው?» ብሎኛል። «ስምንት ደቂቃ ላይ» አልኩት፣ የመነሻ ሰዓቴን።

ስለ እንውጣ ዘመቻው ቀይ አውቶቡስ ደግሞ በሙያዬ የመናገር መብት አለኝ። በየሳምንቱ 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለአውሮፓ እንልካለን፣ ለጤና አገልግሎታችን እናውለው ተብሎ ጎኑ ላይ ተጽፎ ነበር። የሀገሪቱ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን አሳሳች ነው አለ፤ ታቸር በ1984 ተደራድራ ያስቀነሰችው ገንዘብ ከመላኩ በፊት ይቀነሳል፣ ቁጥሩ ወደ 250 ይጠጋል። የእንቆይ ወገኖች በየቴሌቪዥኑ እየወጡ «350 አይደለም» አሉ። ይህን ስትሉ ደግሞ ሰሚው «እና 250 ሚሊዮን በሳምንት እንልካለን?» ይላል። ወጥመዱን አይታችሁልኛል? ውሸቱን ለማስተባበል በሞከሩ ቁጥር ማስታወቂያውን ራሳቸው አሠራጩለት።

አሁን ወደ ጓደኛዬ። በ2016 እኔ የእንግሊዝ ዜግነት አልነበረኝም። ግብር እከፍላለሁ፣ ሰውዬዎችን ከብሪክስተን አደርሳለሁ አመልሳለሁ፣ ድምፅ ግን የለኝም። አብሮኝ የሚሠራው ናይጄሪያዊም ዜግነት አልነበረውም፤ እሱ ግን ድምፅ ሰጠ። ለምን? የኮመንዌልዝ (በብዛት እንግሊዝ የገዛቻቸው ሀገራት ማኅበር) አባል ሀገር ዜጋ እዚህ በሕጋዊ መንገድ ከኖረ ይመርጣል። ኬንያዊው ይመርጣል፣ ጋናዊው ይመርጣል፣ ሕንዳዊው ይመርጣል። አሥራ አምስት ዓመት እዚህ የኖረ ፖላንዳዊ ወይም ጣሊያናዊ፣ ነገሩ በቀጥታ የሚመለከተው፣ አይመርጥም። ኢትዮጵያዊም አይመርጥም፤ ኮመንዌልዝ አይደለንማ። «እናንተ በእንግሊዝ አልተገዛንም ብላችሁ ትኮራላችሁ፤ እኛ ተገዝተን እንመርጣለን» አለኝ እየሳቀ። መልስ አጥቼ ቀረሁ። እናቴ ብትሰማ ምን ትል ይሆን?

እና ምን መረጠ? እንውጣ። ዓይኔን አፈጠጥኩበት። ምክንያቱን በረጋ መንፈስ ነገረኝ። ሰርጉ ላይ እናቱ እንዲገኙ የጉብኝት ቪዛ ጠይቀው ተከለከሉ፤ የባንክ ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ ሁሉ ቀርቦ። በዚያው ወር ጎረቤቱ ሮማኒያዊ፣ ሚስቱን፣ ወንድሙንና የወንድሙን ሚስት ማንም ሳይጠይቀው አስመጣ። «አያቴ ለዚህ ሀገር በርማ ላይ ተዋግቷል። እኔን ወረፋ አስቁመው እሱን በጓሮ በር ያስገባሉ። እኩል ይሁን፣ ሁላችንም እንሰለፍ» አለኝ። የዘመቻው ሰዎችም ይህን ስሜት አውቀውበታል፤ የዚያኔዋ ሚኒስትር ፕሪቲ ፓቴል ከአውሮፓ ብንወጣ ከደቡብ እስያ የምግብ ቤት ባለሙያ ማስመጣት ይቀላል እያለች ትቀሰቅስ ነበር። በአሽክሮፍት ጥናት ከእስያ ዘር የሆኑት መራጮች ሲሶ ያህሉ፣ ጥቁሮች ደግሞ ከሩብ በላይ እንውጣ ብለዋል። ዜግነት ካላቸው የእኛ ሰዎች ውስጥም ያን የመረጡ አውቃለሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥም አላችሁ፤ አንገት አትድፉ፣ ስም አልጠራም።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በ2015ቱ ምርጫ የፋራዥ ፓርቲ ወደ 3.9 ሚሊዮን ድምፅ አግኝቶ አንድ ወንበር ብቻ ነው የደረሰው። የእንግሊዝ ምርጫ እንዲያ ነው፤ በየአካባቢው አንደኛ የወጣው ብቻ ይገባል፣ የቀረው ድምፅ ሜዳ ላይ ይቀራል። ብዙ ከተማ ሠላሳና አርባ ዓመት አንድ ፓርቲ ብቻ ነው የመረጠው፣ ስለዚህ ማንም አይለምነውም። ሕዝበ ውሳኔው ላይ ግን የቦስተኗ ሴትዮ ድምፅ ከካሜሩን ድምፅ ጋር እኩል ተመዘነ። ከ2015ቱ ምርጫ ይልቅ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ብዙ ሰው ወጣ። ድምፅ የሚቆጠርባት አንዲት ቀን መጣች፣ ተጠቀሙባት።

ከዚያ ጥያቄ ተጀመረ። ፊት የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ታዲያ ስደተኛው ቀነሰ?»

ወዲያው አልቀነሰም አባቴ። ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ወጡ፣ በዓመቱ መጨረሻ ነፃ ዝውውሩ ቆመ። ከዚያ የሚገባው ከሚወጣው ሲቀነስ በ2023 ከ900 ሺህ አልፎ ታየ፣ ከዚያ ነው መውረድ የጀመረው። ከአውሮፓ የሚመጣው ቀነሰ፣ ከሕንድና ከናይጄሪያ ተማሪውና የአረጋውያን ተንከባካቢው በዛ። በሩን የሚከፍተው አሁን ዌስትሚንስተር ራሱ ነው፤ ልጓሙን መልሰው ይዘውታል፣ ፈረሱ ግን ያው ፈረስ ነው።

አንዲት ልጅ ደግሞ ከኋላ «ጓደኛህስ ተጸጸተ?» አለችኝ። ባለፈው ዓመት ጠይቄው ነበር፤ አልተጸጸተም። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እመርጣለሁ ይላል፣ አሁን ቢያንስ ሮማኒያዊውም ይሰለፋል። እናቱ በ2022 ድጋሚ አመልክተው ነበር፣ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና። አሁንም ተከለከሉ።